የተማሪ ቦርሳን ለረጅም ጉዞ ማዘጋጀት

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት፣ ስለ አገርና ስለ ዓለም ጉዳይ ብዙ ይጻፋል። ስለ ቦርሳ ግን እስከ ዛሬ ሲጻፍ አላየሁም። ምናልባት ነገሩ ለብዕር የማይበቃ ተራ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ለጥናት ወደ ገጠር ያልወጣ፣ ወይም በዓመቱ መጀመሪያ ብርድ ልብሱን፣ መጻሕፍቱንና ከቤት የተሰናዳለትን ስንቅ ተሸክሞ ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ ያልተንከራተተ ማን አለ? ለተራራ ጉዞ ተብሎ የተሠራውን ትልቅ ቦርሳ ለመግዛት የአብዛኞቻችን ኪስ አይፈቅድም። በእጃችን ያለው ደብተር እንዲይዝ የተሰፋው የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው። ስለዚህ ይህንኑ ቦርሳ በመርፌና በክር አጠንክሮ፣ ተጨማሪ ዕቃ እንዲሸከም ማድረግ የሚቻልበትን ዘዴ ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሀ. ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ነገር

አንድ ዓመት በመጋቢት ወር ዘጠኝ ሆነን ወደ ባሌ ተራሮች ሄድን። ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጓዝን፤ ከዚያም መሪ ይዘን በእግር ወደ ዌብ ወንዝ ሸለቆ ወጣን። ዕቃችንን የሚጭን ፈረስ ለመከራየት ገንዘባችን ስላልበቃ፣ ሁሉም የራሱን እንዲሸከም ተስማማን። እኔም ቦርሳዬን በመጻሕፍትና በልብስ ከሞላሁ በኋላ ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ከቦርሳው በስተውጭ በቃጫ ገመድ አንጠለጠልሁት፤ ድስቱንም በአንድ ጎን አሰርሁት። በመንገድ ላይ ድስቱ ሲወዛወዝ፣ ብርድ ልብሱም ጭኔን ሲመታኝ እየሣቅሁ ነበር የምሄደው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ወረደ። ገመዱ ሲርስ ላላና ብርድ ልብሱ ከጭቃ ላይ እየተጐተተ ውሃ ጠጣ። ቍልቍለት ስንጀምር ደግሞ አንደኛው ማንገቻ ከላይኛው ስፌቱ ተገንጥሎ ቀረ። የቀረውን መንገድ ቦርሳውን በሁለት እጄ አቅፌ ጨረስሁ። ማታ በድንኳን ውስጥ የማርስ ብርድ ልብስ ብቻ ነበረኝ። ያን ጊዜ አንድ ባልንጀራዬ ምንም ሳይናገር የራሱን ብርድ ልብስ ግማሹን ሰጠኝ። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ ሁለታችንም ሌሊቱን ስንንቀጠቀጥ አደርን። በማግሥቱ እኔ ደኅና ነበርሁ፤ እርሱ ግን ትኩሳት ይዞት ሊራመድ አልቻለም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ለማየት ዓመቱን ሙሉ ሲመኝ የነበረ ልጅ፣ ከዲንሾ ወደ ኋላ ተመለሰ። በእኔ አሠራር ጉድለት ዋጋ የከፈለው እርሱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተረድቻለሁ። ሸክሙን በሥርዓት ያልደለደለ መንገደኛ የሚጐዳው ራሱን ብቻ አይደለም። ማንገቻው የተበጠሰበትን ሰው ዕቃ ጓደኞቹ ይከፋፈሉታል፤ ስንቁ የረጠበበትን ሰው ጓደኞቹ ይመግቡታል።

ለ. አባቶቻችንና እናቶቻችን ምን ያውቁ ነበር?

ዕቃን በሥርዓት መሸከም ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። አገልግልን እንመልከት፦ ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ በቆዳ ይለበጣል፤ ክዳኑ በጠፍር ይታሰራል፤ ማንገቻውም በአንድ ነጥብ ላይ ተሰክቶ የቀረ ሳይሆን ዕቃውን በሙሉ አቅፎ የሚይዝ ነው። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት ማኅደርም እንዲሁ በቆዳ ተሠርቶ በማንገቻ ይንጠለጠላል፤ መጽሐፉም ውስጡ ሳይንቀሳቀስ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። አጋሰስ የሚጭን ነጋዴም በመጫኛ አጥብቆ ከማሰሩ በፊት የግራና የቀኙን ክብደት ያመዛዝናል፤ ከጭነቱ በታችም የከብቱ ጀርባ እንዳይላጥ ለስላሳ ነገር ያነጥፋል።

ከእነዚህ ሦስት ሕጎች እናገኛለን። አንደኛ፣ ማሰሪያ ዕቃውን ማቀፍ አለበት እንጂ በአንድ ስፍራ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። ሁለተኛ፣ ዕቃው ከተሸካሚው ጋር አንድ ሆኖ መንቀሳቀስ አለበት እንጂ ለብቻው መወዛወዝ የለበትም። ሦስተኛ፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆን፣ ጀርባም መጠበቅ አለበት።

በሌላውም ዓለም ሰዎች ወደዚሁ ደርሰዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተው ሰው አጠገቡ የተቀለበሰ እንጨትና ሳንቃዎች ነበሩ፤ የጀርባ መሸከሚያ ሳይሆን እንዳልቀረ ሊቃውንት ይገምታሉ። በ1909 ኦሌ በርጋን የተባለ ኖርዌያዊ በጀርባ ቅርጽ የታጠፈ ደጋፊ ያለው ቦርሳ የፈጠራ መብት አገኘበት። በ1952 ደግሞ ዲክ ኬልቲ የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ የአሉሚኒየም ደጋፊ ያላቸውን ቦርሳዎች ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ክብደቱ ከትከሻ ወርዶ በዳሌ አጥንት ላይ እንዲያርፍ የሚያደርገው የወገብ ቀበቶ በመንገደኞች ዘንድ እየተለመደ ሄደ። የእኛ የትምህርት ቤት ቦርሳ ደጋፊም ቀበቶም የለውም። ጉድለቱ ይኸው ነው።

ሐ. ሸክም ለምን ይከብዳል?

የአንድ ዕቃ ክብደት በሚዛን ላይ አንድ ቢሆንም፣ በጀርባ ላይ ግን እንደ አቀማመጡ ይለያያል። 3 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከጀርባችን 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢቀመጥ ወደ ኋላ የሚጐትተን ኀይል በ15 (3 × 5) ይገመታል። ያው ዕቃ ከቦርሳው በስተውጭ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢንጠለጠል በ75 (3 × 25) ይገመታል፤ ይኸውም 5 እጥፍ ነው። ሰውየው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ወገቡን ወደ ፊት ያጐብጣል፤ ስለዚህም ከሰዓታት ጉዞ በኋላ ወገቡን ያመዋል። እንግዲህ ከባድ ነገር ሁሉ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ቀላሉ ነገር ብቻ ይሁን።

የክብደቱን ልክ በተመለከተ፣ ብዙ ተጓዦች ከሰውነታቸው ክብደት ከአምስት አንዱን እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ12 ኪሎ በላይ ባይሸከም መልካም ነው ማለት ነው። ውሃ 1 ሊትሩ 1 ኪሎ መሆኑንም አንዘንጋ። ቦርሳን ማሻሻል ማለት ያለ ልክ መጫን ማለት አይደለም።

መ. የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለሥራው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ጆንያ የሚሰፋበት ወፍራም መርፌ፣ ወስፌ፣ ጠንካራ የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር፣ ሻማ፣ መቀስ፣ የሸራ ቍራጭ፣ ስፋቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የናይለን ጥብጣብ 5 ሜትር ያህል፣ ጥቂት ዘለበቶች፣ ስስ ስፖንጅ፣ እንዲሁም የተሰነጠቀ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው እነዚህን ሁሉ በመርካቶ፣ በተለይም አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት በምናለሽ ተራ ፈልጎ አያጣም። ከተጣለ ቦርሳ ላይ የሚፈታ ዘለበትና ጥብጣብ ደግሞ ከሁሉ ይረክሳል።

የጥጥ ክር አይመረጥም፤ እየረጠበ ሲደርቅ ይበሰብሳልና። የናይለን ጥብጣብ ሲቈረጥ ጫፉ እንዳይተረተር በሻማ ነበልባል ጠጋ አድርጎ ማቅለጥ ያስፈልጋል። የቀለጠው ናይለን ቆዳ ላይ ከተጣበቀ ክፉኛ ስለሚያቃጥል በጣት አይነካ። ክሩም ከመስፋት በፊት በሻማው ሰም ላይ ቢሳብ ሳይጠላለፍ ይሄዳል፤ ውሃም በቶሎ አያስገባም።

ሠ. አሠራሩ

1ኛ. ማንገቻውን ከሥሩ ማጠንከር። ቦርሳ በመጀመሪያ የሚበጠሰው ማንገቻው ከላይ በተሰፋበት ስፍራ ነው። ብዙዎች የተገነጠለውን ማንገቻ በድሮው ቀዳዳ መልሰው ይሰፉታል። ይህ ስሕተት ነው፤ ጨርቁ በዚያ መሥመር እንደ ቴምብር ጠርዝ ተበሳስቶ ስለ ደከመ ዳግመኛ ይቀደዳል። ትክክለኛው ዘዴ የሚከተለው ነው። በቦርሳው ውስጥ በኩል፣ ከማንገቻው ሥር ጀምሮ ወደ ሁሉም አቅጣጫ 5 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ የሸራ እራፊ ይደረግና ጠርዙ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ማንገቻው፣ ቦርሳውና እራፊው በአንድነት በአራት ማዕዘን ይሰፋሉ፤ በአራት ማዕዘኑም ውስጥ ከጥግ ወደ ጥግ በመስቀል ቅርጽ ሁለት መሥመር ይጨመራል። የስፌቱ ርምጃ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ በአንድ መሥመር ላይ ሳይሆን በሰፊ ጨርቅ ላይ ይከፋፈላል። የታችኛውም የማንገቻ ጫፍ በዚሁ ዓይነት ይጠንክር። እጁ ያልለመደ ሰው ሥራውን ለጫማ ሰፊ ቢሰጥ አያፍርም፤ ነገር ግን እራፊው በውስጥ መግባቱንና የመስቀሉ ስፌት መደረጉን አጠገቡ ቆሞ ይመልከት።

2ኛ. ለጀርባ ደጋፊ ማስገባት። የጀሪካኑ ጠፍጣፋ ጎን በቦርሳው የጀርባ ልክ ይቈረጣል። ጥጎቹ ክብ ተደርገው ጠርዛቸው በድንጋይ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ አለዚያ ቦርሳውን ይቀደዋል። ይህን ፕላስቲክ በስፖንጅ ሸፍኖ በጀርባው በኩል በውስጥ ማቆም ነው። ድስትም ሆነ የመጽሐፍ ጥግ ጀርባን አይወጋም፤ ቦርሳውም እንደ ከረጢት አይጐብጥም። ማታ ሲታደር ስፖንጁን አውጥቶ መቀመጫ ማድረግም ይቻላል።

3ኛ. ብርድ ልብስ የሚታሰርባቸውን ቀለበቶች መስፋት። ከቦርሳው ታች፣ በፊት ጠርዝ ሁለት፣ በጀርባ ጠርዝ ሁለት፣ በድምሩ አራት የጥብጣብ ቀለበቶች ይሰፋሉ። በግራና በቀኙ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ለእያንዳንዱም በውስጥ እራፊ አይቅር። ከዚያ ሁለት የጥብጣብ ማሰሪያዎች ዘለበት ተደርጎላቸው፣ ከኋላኛው ቀለበት ወደ ፊተኛው እንዲያልፉ ይደረጋል። ብርድ ልብሱ በጠባቡ ተጠቅልሎ፣ በወፍራም ላስቲክ ተሸፍኖ፣ በሁለቱ ማሰሪያዎች ከቦርሳው ታች ጋር ተጣብቆ ይታሰራል። ማሰሪያው ሲጠብቅ ብርድ ልብሱን ይዞ ቢወዘውዙት ቦርሳው አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ለብቻው ከተንቀሳቀሰ ገና አልጠበቀም ማለት ነው።

4ኛ. የጎን ኪስና የቀለበት መሥመር። በግራና በቀኝ ከሸራ ሁለት የውሃ ኪሶች ይሰፋሉ። ቁመታቸው የጠርሙሱን ሁለት ሦስተኛ ይሸፍን፤ ከታቻቸውም የዝናብ ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ይኑር። ውሃው ከግራና ከቀኝ በተራ ይጠጣ፤ አለዚያ ቦርሳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ከቦርሳው ፊት ደግሞ አንድ ረጅም ጥብጣብ አግድም ዘርግቶ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ መስፋት ይቻላል፤ በስፌቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ሁሉ ቀለበት ይሆናል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዕቃ መያዣው ላይ የሚጠቀምበት ዘዴ ከዚሁ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በእነዚህ ቀለበቶች ላይ የረጠበ ካልሲ ወይም ሻሽ ይሰጣል፤ ባትሪ ይታሰራል። ድስት ግን አይታሰርባቸውም።

5ኛ. የወገብ ቀበቶና የደረት ማሰሪያ። ከአሮጌ መኪና የወጣ የመቀመጫ ቀበቶ ለወገብ በጣም ይስማማል፤ ሰፊና ጠንካራ ነውና። በቦርሳው ሁለት የታች ጥጎች ይሰፋና በፊት በዘለበት ይያያዛል። ነገር ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ክብደቱ በዳሌ አጥንት ላይ የሚያርፈው የቦርሳው ታች እስከ ዳሌ የሚደርስ እንደ ሆነ ብቻ ነው። አጭር ቦርሳ ላይ የተሰፋ ቀበቶ ሆድን ከመጫን በቀር ክብደት አይቀንስም፤ ጥቅሙ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ መያዝ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከመስፋት በፊት ቦርሳውን ተሸክሞ መለካት ይገባል። ሁለቱን ማንገቻዎች በደረት ላይ የሚያገናኝ ቀጭን ማሰሪያም ማንገቻው ከትከሻ እንዳይንሸራተት ይረዳል፤ መተንፈስ እስኪያቅት ግን አይጥበቅ።

6ኛ. ዝናብ መከላከል። መርፌ የገባበት ስፍራ ሁሉ ውሃ ያስገባል። አዲሱን ስፌት ሁሉ በሻማ ሰም ማሸት መልካም ነው፤ ሆኖም በዚህ ብቻ አንተማመን። ከሁሉ የሚሻለው በቦርሳው ውስጥ አንድ ትልቅና ወፍራም የላስቲክ ከረጢት አስገብቶ ዕቃውን በእርሱ ውስጥ መክተት ነው። ደብተርና ስልክ ደግሞ ለብቻቸው በትንሽ ላስቲክ ይጠቅለሉ። የሽማግሌዎችን ቃል ለመመዝገብ የወጣ ተማሪ፣ ብርድ ልብሱ ቢረጥብ በማግሥቱ ፀሐይ ያደርቅለታል፤ የጻፈው ወረቀት ከታጠበ ግን ማንም አይመልስለትም።

ረ. አጫጫን

ቦርሳው ከተሰናዳ በኋላ አጫጫኑ እንደሚከተለው ይሁን። ከታች ቀላልና ማታ ብቻ የሚፈለግ ልብስ ይግባ። በመካከል ከጀርባ ተጠግቶ ከባዱ ነገር፣ ይኸውም በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ መጻሕፍቱና ድስቱ ይቀመጥ። የድስቱ ውስጥ ባዶ አይቅር፤ ስኳርና ሻይ ወይም ካልሲ ይሙላው። ከላይ በመንገድ ላይ በድንገት የሚያስፈልግ ነገር፣ ማለትም የዝናብ ልብስ፣ መድኃኒትና የዕለቱ ምሳ ይደረግ።

በአውቶቡስ ሲኬድ የማሰሪያዎቹ ጫፍ ሁሉ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይግባ። ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ሲወርድ ቦርሳው በተንጠለጠለ ጥብጣብ ተይዞ ቢጐተት፣ ብዙ ቀን የተደከመበት ስፌት በአንድ ደቂቃ ይበጠሳል። ገንዘብ፣ መታወቂያ፣ መድኃኒትና የጥናት ደብተር ወደ ጣራ አይውጡ።

ሰ. ከመንገድ በፊት መፈተን

እኔ ያጠፋሁት ትልቁ ጥፋት ቦርሳዬን በመጀመሪያ የፈተንሁት በተራራው ላይ መሆኑ ነው። ፈተናው በመኝታ ክፍላችን ሊደረግ የሚችል ነበር። ሰው ሲራመድ፣ ይልቁንም ቍልቍለት ሲወርድ፣ ሸክሙ እየዘለለ ማንገቻውን ስለሚነቀንቅ፣ ስፌቱ ከቆመ ክብደት የበለጠ ኀይል መቻል አለበት። ስለዚህ 8 ኪሎ ለመሸከም ያሰበ ሰው፣ ቦርሳውን 16 ኪሎ በሚሆን ውሃ ሞልቶ በአንድ ማንገቻ ብቻ ከጠንካራ ነገር ላይ ሰቅሎ ያሳድረው፤ በማግሥቱ በሌላው ማንገቻ ይድገመው። ጠዋት ስፌቱን በጣት ገልጦ ይመልከት፤ ክር የላላበት ወይም ቀዳዳ የሰፋበት ስፍራ ካለ እራፊ ይጨምር። ቀጥሎ በመንገድ የሚይዘውን ዕቃ በሙሉ ጭኖ ደረጃ ለደረጃ ለግማሽ ሰዓት ይውጣ ይውረድ። የሚወጋ፣ የሚንኳኳና የሚወዛወዝ ነገር ካለ ያን ጊዜ ይታወቃል። በመጨረሻም መርፌ፣ ጥቂት ሰም የተቀባ ክርና አንድ ሜትር ጥብጣብ ከዕቃው ጋር ይያዝ፤ መንገድ ላይ የሚበጠስ ነገር አይጠፋምና።

ሸ. መደምደሚያ

እኔ በዚህ ዘዴ የሠራሁትን ቦርሳ ይዤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ባሌ ተመለስሁ። ያ ባልንጀራዬም አብሮኝ ነበር። ከመነሣታችን በፊት በነበረው ማታ ቦርሳዬን አንሥቶ ብርድ ልብሱን ያዘና ደጋግሞ ወዘወዘው። አልተንቀሳቀሰም። «ዘንድሮ የራስህን ትለብሳለህ» አለኝና ሁላችንም ሣቅን። ከሁለት ቀን በኋላ በሳነቴ አምባ ላይ ቆመን ቱሉ ዲምቱን፣ ያንን የ4,377 ሜትር ተራራ፣ በፊታችን አየነው። በዚህ ጊዜ ከድስቱ ጋር የእርሱን ስንቅ ግማሽ የተሸከምሁት እኔ ነበርሁ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እውነት ነው፤ በኅብረት የሚጓዝ ሰው ድስቱን፣ ድንኳኑንና ዱቄቱን ይካፈላል። ነገር ግን የሚካፈለውን አንዱን ሎሚ እንኳ አጥብቆ የሚይዝ ቦርሳ የሌለው ሰው፣ ለጓደኞቹ ሃምሳ አንደኛ ሸክም ይሆንባቸዋል። ስለዚህ የሚመጣው የጥናት ጉዞ ስም ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት፣ እያንዳንዳችን የቦርሳችንን የማንገቻ ሥር ገልጠን እንመልከት። ነጠላ ስፌት ብቻ ያለው ከሆነ፣ መርፌውን ዛሬ እናንሣ።